የግራው ጉረኖ

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ልጆቹ ገቡ። አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከአዳማ፣ አንዷ ከሞጆ፣ አንዷ ከዚሁ ከዓለም ጤና። ሁሉም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ውጤት የሚጠብቁ ናቸው። የምርምር ማዕከሉ መኪና ጭቃ ስለያዛት ከአስፋልቱ ጀምሮ ፍራሻቸውን ተሸክመው ነው የመጡት። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ "በርቱ፣ ሳይንቲስቶች" እያልኩ ስቀልድባቸው አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሲስቁብኝ ቀለል አለኝ።

ዶክተር ገላና የፍየል ምርምሩ ኃላፊ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሥራውን አስረዷቸው። አሥራ ሁለት ፍየሎች አሉ። በግራው ጉረኖ ያሉት ስድስቱ ድርቆሽ ብቻ ይበላሉ፤ በቀኙ ያሉት ስድስቱ ድርቆሽና የግራር ፍሬ። ልጆቹ በየተራ ያበላሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍየሎቹ ይመዘናሉ። የግራር ፍሬ ከሜዳ የሚለቀም ነገር ነው፤ ፍየል የሚያወፍር ከሆነ የዚህ አገር ገበሬ ፋጉሎ ከመግዛት ይገላገላል። ጳጉሜን ላይ የረጂው ድርጅት እንግዶችና ገበሬዎቹ ባሉበት ውጤቱ ይቀርባል። ከዚያ ከአምስቱ አንዱ በሠልጣኝነት ተቀጥሮ ለአንድ ዓመት እዚሁ ላቦራቶሪ ይሠራል። ይህን ሲሰሙ አምስቱም ቀና አሉ።

የዓለም ጤናዋ ልጅ ዱሬቲ ትባላለች። ዝምተኛ ናት። ፍየሎቹን ስናሳያቸው ሌሎቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ እሷ ገብታ የአንዷን ሰኮና አንስታ አየች። የፕሮግራሙ አስተባባሪ ነኝና ማዳላት አይገባኝም። ግን ወደድኳት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሚዛን። አንዱ ፍየል ሲሰቀል ሸናብኝ። ኢሊያስ፣ የአዳማው ቀልደኛ፣ ፎቶ አነሳኝ። አጥፋው ብዬዋለሁ፤ እንደማያጠፋው አውቃለሁ። መብራት የለም። ሪፖርቱ ሰኞ ይደርሳል።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

የዱሬቲ አባት ኦቦ ጉቱ ከአክስቷ ከአዴ ቡዜ ጋር መጡ። በሩ ላይ ባጃጅ አቁመው አልገባም አሉ፤ ጫማቸው ጭቃ ስለሆነ ነው። እዚያው ቆመን አወራን። ታላቅ ልጃቸው ጅዳ ናት። ለዱሬቲም ፓስፖርት ወጥቶላታል፤ አዳማ ያለ ኤጀንሲ ነገሩን ይዞታል። አዴ ቡዜ እዚያ ያለው ቤት ጥሩ ቤት እንደሆነ፣ ማዳሟም ደግ እንደሆነች ደጋግመው ነገሩኝ፤ አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። ኦቦ ጉቱ እስኪጨርሱ ጠበቁና እንዲህ አሉ፦

"እኔ መላክ አልፈልግም። የመጀመሪያዋን ልኬ ድምጿን በስልክ ብቻ ነው የማውቀው። ይቺ እዚህ ሥራ ካገኘች ትቀራለች። ካላገኘች ግን መስከረም ላይ ትሄዳለች፤ ቤት አስቀምጬ ምን አደርጋታለሁ?"

"አይዞዎት ኦቦ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ እኔ አለሁ" አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ምርጫው የዶክተር ገላና ነው። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ሽማግሌው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ፤ አሁን እንግዲህ ምርቃቱን መመለስ አይቻልም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የቀኞቹ ጨምረዋል፤ ጥሩ። የግራዎቹም ጨምረዋል። ድርቆሽ ብቻ የበላ ፍየል በምን ይወፍራል? በክረምቱ አየር? ሚዛኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። ያው የእኛ መሥሪያ ቤት ዕቃ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሰቅዬ አየሁ። ሚዛኑ ልክ ነው።

ሻይ ክበብ ውስጥ ከበስተጀርባዬ የፋይናንሷ እልፍነሽ ስታወራ ሰማሁ። መኖሬን አላየችም፤ ወይም አይታለች። "ዘንድሮ የሚታይ ውጤት ካላመጡ ድርጅቱ ይወጣል። ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ሀሴትም ወደ እናቷ ቤት" አለች። አብራት የነበረችው ሳቀች። ኮንትራቴ መስከረም ላይ እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አልሰማሁም። ሻዬን ትቼው የወጣሁት ስለበረደ ነው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከሰዓት ወደ መጋዘን ሳልፍ የግራዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይጮሃሉ። ጉረኖዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ መካከላቸው ሽቦ ብቻ ነው። ቀኞቹ ገንዳው ላይ ተጎንብሰው የግራር ፍሬ ይቆረጥማሉ። ከግራዎቹ አንዷ፣ ቀንዷ የተሰበረው ጥቁሯ፣ ዓይኗን ከእኔ አልነቅል አለች። ከጆንያው አጠገብ ከፈሰሰው አንድ ዕፍኝ ወረወርኩላት። አንድ ዕፍኝ ምንም አይለውጥም። ለነገሩ ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ የነበረ ነው።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ጠዋት የማብላት ተራው የዱሬቲ ነበር። ቀድሜ ደረስኩ። ነጠላዋን እንደ ሽርጥ ታጥቃ፣ የግራር ፍሬ ሞልታው፣ በግራው ጉረኖ ሽቦ ቀዳዳ ለእያንዳንዱ ፍየል በእጇ ታጎርሳለች። ስታየኝ አልሸሸችም። ነጠላውን ብቻ ለቀቀችው፤ ፍሬው እግሯ ሥር ፈሰሰ።

ጮህኩባት። ይህ ሙከራ ነው፣ ማነጻጸሪያ ከሌለ ሙከራ የለም፣ አራት ሳምንት ሙሉ ምን ስንማር ነበር አልኳት። ሥራውንም፣ ጊዜውንም፣ የራሷንም ዕድል ገደል እንደከተተች ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

"ቲቸር" አለች ስጨርስ፣ "ገብቶኛል። ማነጻጸሪያ ምን እንደሆነ ፈተና ላይም መልሻለሁ። ግን አንዱ እያየ ሌላው አይበላም። እኛ ቤት ለውሻ እንኳን ይቆረስለታል። ጀርባዬን ሰጥቼ መሄድ አቃተኝ።"

ከዚያ ዛሬውኑ ለዶክተር ገላና ልንገራቸው አለች። አሁን ከነገርናቸው ጉረኖውን አራርቀን እንደ አዲስ እንጀምራለን፤ ጥቂትም ቢሆን ጊዜ አለ አለች። የተናገረችው ትክክል ነበር። እኔ ግን እንዳትናገሪ አልኳት። እኔ እስካልኩሽ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ዶክተሩ ሰምተው ቦታውን ቢነፍጓት አባቷ ምን ሊሉ ነው? ለእሷው ብዬ ነው። እሺ አለች። እሺ ስትል ግን ፊቷን አልወደድኩትም፤ ከጩኸቴ ይልቅ ይህኛው ያስደነገጣት መሰለኝ።

ለእሷው ብዬ ነው።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ዛሬ ደግሞ ሰብሪናን ያዝኳት። የሞጆዋ ልጅ፣ ፍየል ትፈራ የነበረችው። በኮፍያዋ ሞልታ ትሰጣለች።

አምስቱንም ሰብስቤ በሩን ዘጋሁ። ሰብሪና ማልቀስ ጀመረች፤ ሲያዩኝ መቆም አልቻልኩም፣ አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው የጀመርኩት አለች። ኢሊያስ ጣሪያውን እያየ "እኔም" አለ። ሌሎቹ ሁለት ልጆችም እንዲሁ። ለካ አምስቱም በየተራቸው ያበላሉ! አንዱ ስለሌላው አያውቅም፤ እያንዳንዱ ጥፋተኛው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ሲጨነቅ ከርሟል። የግራ ፍየሎች ከቀኞቹ የበለጠ ሳይበሉ አልቀሩም።

ሳቅ አመለጠኝ። ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ ሳቅሁ፤ እነሱም ሳቁ። እነዚህን ልጆች ስንቀበል የሂሳብና የባዮሎጂ ውጤታቸውን አይተናል፤ ሲበሉ የሚያይ ሰው አጠገባቸው ቢቆም ምን እንደሚያደርጉ የጠየቀ የለም። አገሩ ሁሉ እንግዳ ቆሞ እያየ እንጀራ የማይቆርስ አገር ነው። እኔ ራሴ አዳማ አውቶቡስ ላይ ሙዝ ልጬ ከጎኔ ለተቀመጠ ሰው ሳልሰጥ በልቼ አላውቅም።

ስለ ጥቁሯ ፍየል አልነገርኳቸውም። አስፈላጊ አልነበረም።

"ለዶክተሩ አሁን እንንገራቸው፣ አምስታችንም ሆነን" አለች ዱሬቲ። ሁሉም እኔን አዩኝ። አስብበታለሁ አልኩ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

እያሰብኩበት ነው።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጉረኖዎቹን በሸራ ጋርደናቸዋል። አሁን ማንም ለግራዎቹ አይሰጥም፤ ግን ከግማሽ በላይ አልፏል። ሁለቱ ወገን ተመሳሳይ ነው የሚመዝነው። ድርጅቱ ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል? የግራር ፍሬ ጥቅም የለውም ብለው ይመለሳሉ። ጥቅም እንዳለው ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል።

ዶክተር ገላና እንዴት እየሄደ ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ኢሊያስ ፓወር ፖይንቱን እየሠራ ነው። ወደ ቢሮዬ መጣና በሩን መለስ አድርጎ፣ የግራዎቹን ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብናደርገው፣ ማለትም ባይበሉ ኖሮ ሊመዝኑ ይችሉ ወደነበረው ብንመልሰው ምን ይመስልሻል አለኝ። ውሸት አይደለም፣ እርማት ነው አለ። ብልጥ ልጅ ነው፤ ያለ ጥርጥር ትልቅ ቦታ ይደርሳል።

አድርግ አላልኩትም። አታድርግም አላልኩትም። ግራፉን በቀለም አሳምረው አልኩትና ስልክ እንደመጣለት ሰው ተነስቼ ወጣሁ። ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

አዳማ ቸርች ሄድኩ። እማዬ ጸሎት ላይ ስምሽን አስጠርቼልሻለሁ፣ ነገ ጌታ ይረዳሻል አለችኝ። ምን ብላ እንዳስጠራችኝ አልጠየቅኳትም። ቁርሴን አልበላሁም። ነገ የሚያቀርበው ማን ይሁን ብለው ዶክተሩ ሲጠይቁኝ ለገበሬዎቹ በኦሮምኛም ስለምታስረዳ ዱሬቲን ብዬአቸው ነበር። አባቷም ይመጣሉ። ጥሩ ካቀረበች ቦታው የእሷ ነው። ጌታ ሆይ፣ ስላይዱን አንብባ እንድትቀመጥ ብቻ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

አነበበችው። መጀመሪያ አነበበችው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት የድርጅቱ እንግዶች፣ ከኋላ ገበሬዎች፣ ኦቦ ጉቱ በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ዱሬቲ ሥራውን በሁለቱም ቋንቋ አስረዳች። ከዚያ ግራፉ መጣ፤ የቀኙ ረጅም፣ የግራው አጭር። ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። እንግዶቹ ማጨብጨብ ጀምረው ነበር።

"ይህ ቁጥር ልክ አይደለም" አለች። "የግራዎቹን ፍየሎችም የግራር ፍሬ አብልቼአቸዋለሁ። ሁለቱም ወፍረዋል። ከዚህ ሥራ ምንም ማወቅ አይቻልም።"

ይህንኑ በኦሮምኛ ደገመችው። ገበሬዎቹ ሳቁ፤ አንድ ሽማግሌ እኔም ብሆን አበላ ነበር አሉ መሰለኝ፣ ሳቁ ባሰ። ዶክተር ገላና ግን አልሳቁም። ተነስተው ቀስ ብለው ጠየቋት። ብቻሽን ነሽ? "እኔ ነኝ" አለች። ቁጥሩን ማን ለወጠው? ኢሊያስ ላፕቶፑን ያያል። ሰብሪና ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች።

"መሳሳት የሥራው ክፍል ነው" አሉ ዶክተሩ። "ግን ሳምንታት ነበሩን። ያኔ ብትነግሪን እንደ አዲስ እንጀምር ነበር። ለምን ያኔ አልነገርሽንም?"

ዱሬቲ ወደ እኔ ተመለከተች። አልከሰሰችኝም፤ እንዴት እንደነበር ብጽፈው ይሻላል፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። እኔ ፊቴ ያለውን የውኃ ጠርሙስ ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ከዚያ መሬት መሬት አየች።

"ቀድሜ መንገር ነበረብኝ" አለች።

ከሻይ በኋላ ዶክተሩ ቦታው ለኢሊያስ መሰጠቱን ተናገሩ፤ ግራፉን ማን እንደሠራው የነገራቸው የለም። ኦቦ ጉቱ ሻይ ሳይጠጡ ሄደዋል።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

የድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። እንግዶቹ እጅግ ተደስተዋል። ወጣቶችን በሕዝብ ፊት ስህተታቸውን የሚያምኑ አድርጎ የሚያንጽ ፕሮግራም በሌላ ቦታ አላየንም ይላል። ፕሮግራሙ ለሁለት ዓመት ታድሷል። አስተባባሪዋ በስም ተመስግናለች።

እልፍነሽ እንኳን ደስ አለሽ ብላ አቀፈችኝ። አዲሱን ኮንትራቴን ፈረምኩ። ከበዓሉ በኋላ ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ። በበዓል ዋዜማ ሰው አይረበሽም።

መስከረም 1

አዳማ፣ እማዬ ቤት። ጎረቤት ሁሉ ስለ ኮንትራቱ ሰምቷል። ዶሮዬን ለጎረቤት ልጅ አጎረስኩ። እማዬ ለምን አትበይም አለች፤ ጠግቤያለሁ አልኳት።

መስከረም 5፣ ሰኞ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ከአምስቱ ያለፈው ኢሊያስ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለሚገባ የሠልጣኙን ቦታ አልፈልገውም ብሎ ደወለ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከዚያ፣ "ቲቸር፣ እኔ ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ አይደል?" አለኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኩትና ዘጋሁት።

ዱሬቲ አላለፈችም።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ዶክተር ገላና አስጠሩኝ። ቦታው ክፍት ሆኗል፣ ከቀሩት አንድ ሰው አቅርቢልኝ አሉ። ዱሬቲስ እንዳልል ቀድመው፣ "እሷን እኔም አዝንላታለሁ፤ ግን ይህን ያህል ጊዜ የሚደብቅ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ማስገባት አልችልም" አሉ። ነገ አሳውቅዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። እዚያው መናገር እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር፣ ጸሐፊዋ ትሰማ ነበር። ይህም ሰበብ እንደሆነ ስጽፈው ይታየኛል።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ኦቦ ጉቱ መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ዱሬቲ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ አዲስ ሻንጣ አለ። ኤጀንሲው ለሥልጠና ዛሬ ወደ አዲስ አበባ እንድትመጣ ጠርቷታል። በመንገዳቸው ስለሆነ ሊሰናበቱኝ ነው የቆሙት። እሷ አልወርድም ብላለች።

"አካም ጅርቱ፣ ነጋያ?" አሉኝ፤ እኔም መለስኩ። ስላስተማርኳት አመሰገኑኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ሳይንስ አላውቅም። ፍየል አበላች፣ እሺ፣ ጥፋት ነው። ግን ልጄ ደብቃ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ዕቃ ስትሰብር ሮጣ መጥታ የምትነግረኝ እሷ ናት። ለምን እንደደበቀች ስጠይቃት ታለቅሳለች። አንቺ አብረሻት ነበርሽ። ልጄ ምን አጥፍታ ነው?"

ምንም አላጠፋችም አልኳቸው። ስታበላ ያገኘኋት ዕለት ለዶክተሩ ልንገር ብላ እንደነበር፣ እንዳትናገሪ ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ደግማም እንንገር ስትል ያዘገየሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አምስቱም እንዳበሉ፣ እኔም እንዳበላሁ ነገርኳቸው። ቁጥሩ ሲለወጥም አውቄ ከቢሮ መውጣቴን ነገርኳቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ።

"ይህን ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ያደርጋል?" አሉ። "ግቢና ንገሪያቸው። ባጃጁ ይጠብቃል።"

ገባሁ። ዶክተር ገላና ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ባለበት በሩን ከፍቼ ነገርኳቸው። ከፈራሁ እንደገና እንደምወጣ ስለማውቅ እየተጣደፍኩ ነበር፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሳልናገር አልቀረሁም። ስጨርስ ልጅቷ የት ናት ብቻ አሉኝ። በር ላይ አልኳቸው። ስብሰባውን ትተው ራሳቸው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ኦቦ ጉቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ከዚያ ባጃጁ ጋ ሄደው ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አወሩ። ሻንጣው ወረደ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ዱሬቲ ሰኞ ትጀምራለች። የእኔ ጉዳይ በኮሚቴ ይታያል ተብሏል፤ እስከዚያ ሥራ እንዳልገባ። ደብዳቤውን ያመጣችልኝ እልፍነሽ ናት፤ ዛሬ አላቀፈችኝም። ዕቃዬን ሰብስቤ በሚኒባስ አዳማ ገባሁ።

እማዬ በሩ ላይ ሻንጣዬን አየች። ተቀብላኝ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ምግብ አቀረበች። ከተመገብን በኋላ ነው የጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ሳምንት ለዱሬቲ ብዬ፣ ለአባቷ ብዬ፣ ለፕሮግራሙ ብዬ እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። እማዬ ግን በቀላሉ "ምን ሆነሽ ነው?" ነው ያለችኝ።

"ፈርቼ ነበር" አልኳት። "ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እማዬ። ሌላ ምንም አልነበረም።"